የመስኮቱ ክንፋሞች

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ የማታውን ሥራ ተወ? ልጆቹ በረቱልሽ? ትንሿስ አሁንም ስትናደድ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ቤቱም ቆሟል። ይህን የማስቀድመው እማዬ በስልክ «ቤታችንን ነፍሳት በላው፣ ለቅቄ ልወጣ ነው» ስትልሽ እያለቀስሽ መስመሩ ስለተቋረጠ ነው። እንባሽን ጥረጊና ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ ማግስት፣ ፀሐይ ወጣ እንዳለች፣ ከድሮው ክፍልሽ መስኮት ደፍ ሥር ክንፋም ነፍሳት እንደ ጉድ ይተሙ ጀመር። እማዬ በመጥረጊያ ብትል በጨርቅ ብትል አልቻለቻቸውም። በዚህ መሃል አጎታችን ደረሱ። መቼም አንቺ «ጋሼ ብያለሁ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣሽላቸው ያለ ነገር አይደለም። መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ ገና ከበር ላይ ሆነው «ምስጥ ነው፤ ይህ ቤት አብቅቶለታል፤ ዕቃሽን ይዘሽ እኔ ዘንድ ግቢ» ብለው ፈረዱ። እማዬ ዘንድ ደግሞ የወንድሟ ቃል መሬት ጠብ አይልም። ከሥራ ስመለስ ድስቶቿን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ መጋረጃውን አውርዳ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ዓይኗን ተክላ አገኘኋት። አባባ በእጁ የሠራውን ቤት ጥላ ልትወጣ መሆኗን ሳይ አንጀቴን በላችው።

እኔ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሰዓት ሆድ ዕቃ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ከነፍሳቱ አንዱን በወረቀት አፈስኩና ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። ወገቡ ቀጭን፣ ሊበጠስ የደረሰ፤ ቀንዶቹ እንደ ክርን የታጠፉ፤ የፊት ክንፉ እንደ ደቂቃ ቆጣሪ ረዘም፣ የኋላው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አጠር ያለ ነው። ምስጥ ቢሆን ወገብ አይወጣለትም፣ ወጥ ነው፤ ቀንዶቹ ቀጥ ያሉ፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ክንፍ ያወጣ ጉንዳን ነው» አልኳቸው። ጉንዳን እንጨት አይበላም፤ የራሰ እንጨት ካገኘ ግን ቦርቡሮ ይኖርበታል። የመስኮቱ ደፍ ደግሞ አሸንዳው ሲያንጠባጥብበት ከርሞ በስብሷል። አጎታችን ማጉያውን ተቀብለው አዩና መልሰው ሰጡኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ለመስኮቱ የጠራነው አናጢ ቤቱን ዞሮ ሳያይ መዶሻ አያነሳም፤ ከጓሮ ሆኖ ተጣራ። ያ አልጋሽ፣ ስትሄጂ እማዬ አስፈትታ «ልጄ ስትመጣ ትተኛበታለች» ብላ ግድግዳው ላይ ያስደገፈችው፣ ላስቲክ አልብሳ ማንንም ሳታስነካ የጠበቀችው፣ እግሩ አፈር ላይ ነበር። ጣውላውን ጫን ሳደርገው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ሥሩ የረገፉ ክንፎች ተከምረዋል፤ ሁሉም እኩል እኩል። ከአፈሩ ተነስቶም እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ሽቅብ ወጥቷል፤ ምስጥ የሚመላለሰው በዚያ ውስጥ ነው። ይኸኛውስ ዋናው ምስጥ ነበር። አጎታችን ያን ጊዜ ምን እንዳሉ እንድነግርሽ አያሻም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷቸዋል።

ደግነቱ በጊዜ ደረስንበት። መስመሩ ገና የቤቱን እንጨት አልነካም ነበር። አናጢው ግድግዳውንና ወለሉን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ሲያዳምጥ እማዬ ትንፋሿን ውጣ ከኋላው ትከተለው ነበር። «እናቴ፣ ቤትዎ ጤነኛ ነው፤ ዕቃዎን ይፍቱ» ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተነስታ መጋረጃዋን ሰቀለች። እትዬ፣ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አሁን ባለሙያ ጠርተን የመሠረቱን ዙሪያ መድኃኒት አስረጭተናል። አሸንዳው ተጠግኗል፣ ደፉ ተለውጧል፣ ማገዶውም ከግድግዳው ርቆ ድንጋይ ላይ ተደርድሯል። አጎታችን በየጠዋቱ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጭቃ ፍለጋ መሠረቱን ይዞራሉ። እማዬ ክንፍ ያለው ነገር ባየች ቁጥር ብርጭቆ ትደፋበትና «ና ወገቡን እይልኝ» ትለኛለች። ትናንት ቢራቢሮ አሳየችኝ። አንቺም ግድግዳሽን የተደገፈ እንጨት ካለ አንሺ፤ የረገፈ ክንፍ ካየሽም ጠርገሽ ብቻ አትለፊው።

ባለቤቴ በናፍቆት ትስምሻለች። አጎታችን ሰላም ብለውሻል፤ ምስጥ መሆኑን ቀድመው ማወቃቸውን እንድጽፍልሽም አዘውኛል። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለቴ።

የእማዬን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግሁት ረዘም ስለሚል ነው። አልጋሽን አቃጠልነው፤ ክብሪቱን የጫረችው ራሷ ናት። አናጢው በብረት እግር ሌላ ልሥራላት ቢል እምቢ አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን አልጋ ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን አልጋ የለሽም በላት፤ ስትመጣ ከጎኔ ነው የምትተኛው» ብላለች። ከዚያ ወዲህ የግድግዳውን ጎን ላንቺ ትታ፣ ዳር ላይ ነው የምትተኛው።

ወንድምሽ፣ ሰዓት ሠሪው

ከእማዬ ቤት፣ አዲሱ መስኮት ሥር ተቀምጬ
እሑድ፣ ዝናቡ ያባራ ዕለት