የፊት ጎማውን አትፈልገው

ዮፍታሔ፣

የፊት ጎማውን አትፈልገው፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የአባትህን አሮጌ ሞተር በማደስህ ሰፈሩ ሁሉ ኮርቷል። የጎማው ቸርኬ መስታወት ሆኗል፤ ትናንት ጠዋት ጢሜን የተላጨሁት እሱን እያየሁ ነው። የጎማውን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹንም፣ አንድ በአንድ ወልውለሃል። ፍሬኑን ግን "ማን ያየዋል?" ብለህ ተውከው።

ከኋላህ አፈናጥጠህኝ ከልደታ ማርያም ቁልቁል ስንወርድ "ፍሬን ያዝ!" ብዬ ስጮህ፣ "ጸልይ!" አልከኝ። ያቆመን የእትዬ ወለተሰንበት የቲማቲም መደብ ነው። እሳቸው "ልጆቼ፣ ተረፋችሁ?" እያሉ ሲሮጡ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ቸርኬው ተጭሮ እንደሆነ ታያለህ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ባትጠይቀኝም።

ያለቀውን የፍሬን ሸራ ፈትቼ ይዤዋለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ጌጃ ሰፈር አዲስ አስለጥፌበት እመጣና አብረን እንገጥመዋለን። ጎማው እትዬ ወለተሰንበት ቤት ነው። "ፍሬኑን በዓይኔ ሳላይ አልሰጥም" ብለዋልና ሄደህ አትለማመጣቸው። ይልቅ መደባቸውን አቃናላቸው።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ ሞተር ወጥተው ቤታቸው ሳይመለሱ የቀሩበት ቀን የለም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የቤት ጓደኛ ማላመድ አልችልም።

አምሳሉ