ሎሚን ከቆዳ ያስማሙት የእኅታችን የሕይወት ታሪክ

ትንሽ ትልቁ «እትዬ» ሲላቸው የኖረው እኅታችን፣ ከቦርሳና ቀበቶ ሰፊው አባታቸውና የሰው ልብስ እየጠገኑ ቤት ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው በ1945 ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ አንዲት እኅትና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ተከትለዋል።

የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። የፊተኛው የአባታቸው መሥሪያ፣ የኋለኛው መኝታም ማዕድ ቤትም ነበር። መካከሉን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ስለነበር የቆዳው፣ የማጣበቂያውና የክር ሰሙ ሽታ እያለፈ ትራስ ውስጥ ይገባል። እትዬ ፊደል ሳይቆጥሩ ዓይናቸውን ጨፍነው የበግን ቆዳ ከፍየል ቆዳ በሽታ ይለዩ እንደነበር እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል። አባታችን ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ ልጃቸውን ጠርተው ቁራጭ ቆዳ ያስሸትቷቸውና «ፍየል» የሚለውን መልስ ሲሰሙ በኩራት መርፌያቸውን ያነሡ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታተሉ። በ1959፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ በውጤታቸው ተመርጠው ከከተማው ማዶ ወዳለ ትልቅ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የአውቶቡሱ ጉዞ ሩቅ ነው፣ መንገዱም የመኪና ጎርፍ ነው ብለው አባታችን በየማለዳው ሥራቸውን ትተው እስከ በሩ ያደርሷቸው ጀመር። በገዛ እጃቸው የሰፉላቸውን የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚሸከሙትም እሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ማስፈር ያልተለመደ ነገር እንጽፋለን። የምንጽፈውም እትዬ ራሳቸው አጥብቀው ስላዘዙን ነው።

አንድ ማለዳ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠች የክፍል ጓደኛቸው አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረች። እትዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ ሌሎች ልጃገረዶች ቆመው ያያሉ። እትዬም ቦርሳቸውን ከአባታቸው እጅ ነጥቀው፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ ድረስ አትምጣ። ትሸታለህ» አሏቸው።

አባታችን «እሺ» ብለው ዞረው ሄዱ። አልተቆጡም። ለእናታችንም አልተናገሩም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን መሥሪያ ክፍላቸው መደርደሪያ ላይ ባለ አረንጓዴ ክዳን የሽቶ ጠርሙስ ታየ። ያ ሽቶ በዘመኑ ዝነኛ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ከመስተዋቱ ሥር አይጠፋም፤ ሙሽራም ሹምም የሚቀባው እሱን ነው። ሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥሩም ጥቂት መራራ ቅጠል ነበር። ስሙን ማንም አይጠራውም፣ ሰው ሁሉ «አረንጓዴ ክዳን» ነበር የሚለው። አባታችን ከዚያ ወዲህ ከቤት ሊወጡ ሲሉ እጃቸውን በሎሚ ልጣጭ ያሻሉ፣ ይታጠባሉ፣ አረንጓዴ ክዳን ይቀባሉ። እንዲያም አድርገው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዳግመኛ አልቆሙም። እትዬ የምስክር ወረቀታቸውን በተቀበሉ ዕለት አባታችን ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ሆነው ሲያዩ ዋሉ።

እትዬ ይህን ሁሉ ልብ ብለዋል። ይቅርታ ለማለት ግን አፋቸው አልፈታ አለ። ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት ዓመትን ወለደ።

በ1964 በከተማው የሳሙናና የሽቶ ፋብሪካ ጠርሙስ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። ሦስት ወር እንደ ሠሩ፣ ከበርሜል እየተቀዳ የነበረ የሎሚ ዘይት «ተበላሽቷል» ብለው ሥራ አስቆሙ። አለቃቸው ጠርሙስ አጣቢ ምን አገባት ብለው ሊቆጡ ሲሉ፣ ዋናው ሽቶ ቀማሚ መጥተው አሸተቱና በርሜሉ እንዲመለስ አዘዙ። በሳምንቱ እትዬን ወደ ቅመማ ክፍል አዛወሯቸው። በዚያ ለሰባት ዓመታት ከእሳቸው ሥር ተምረው በ1971 ሙሉ ቀማሚ ሆኑ። በዚያ ፋብሪካ ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

በ1973 መነጽር ሠሪ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «እኔ አያለሁ፣ እሷ ታሸታለች፤ እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም» እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር። እውነታቸውን ነው። ወንድ ልጃቸው በጉርምስናው የሞከራትን አንዲት ሲጋራ እትዬ ከደረጃው ሥር ሆነው ደርሰውባታል። የወንድማቸውንም አዲስ ፍቅረኛ እሱ ከመናገሩ በፊት ከኮቱ ላይ ያወቁት እሳቸው ናቸው።

በ1987 ሥራ አስኪያጁ ጠርተው አረንጓዴ ክዳንን እንዲያድሱ አዘዟቸው። ሽቶው አርጅቷል፤ ወጣቱ «የአያቴ ነው» ይለዋል። ደግሞም ሎሚ ብን ብሎ የሚጠፋ ነገር ነውና ማለዳ የተቀባው ሰው እኩለ ቀን ላይ ምንም አይሸትም። ትእዛዙ የድሮው ደንበኛ እንዲያውቀው፣ አዲሱም እንዲወደው ይሁን የሚል ነበር። እትዬ ለስምንት ወር ከሎሚው ሥር እንጨት አስገቡ፣ ትምባሆ አስገቡ፣ ሣር ሣር የሚል ሥር አስገቡ። አንዱም ልባቸው ላይ አልደረሰም። በመጨረሻ ጭስ ጭስ የሚል የዛፍ ቅርፊት ዘይት ወስደው ከሎሚው ሥር የቆዳ ሽታ አበጁ። የክፍሉ ሰዎች «ሎሚና ቆዳ ምን አገናኛቸው?» ብለው ሳቁ። 

ያን ጊዜ እናታችን አርፈው፣ አባታችን ዓይናቸው ደክሞ መሥሪያ ክፍላቸውን ዘግተው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ደርሷል። እትዬ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሽቶው ውስጥ የተነከረ ቀጭን ወረቀት በፖስታ ይዘው ሄዱና ሰጧቸው። አባታችን አሸተቱ። ወረቀቱን አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት።

«ሎሚው ደህና ነው» አሉ። «ቆዳው ግን ገና ሱቅ ያለ ቆዳ ነው። ማንም አልያዘውም።»

«ምን ይጎድለዋል አባዬ?»

«እጅ» አሏቸው።

እትዬ ሰኞ ዕለት ለሥራ አስኪያጁ አማካሪ እንደሚያስፈልጋቸው አስታወቁ። እንዲህ ሆኖ ነው አባታችን በሳምንት ሦስት ቀን ነጭ ካፖርት ለብሰው ቅመማ ክፍል መቀመጥ የጀመሩት። ካፖርቱ ረዝሞባቸው እጅጌው ሁለት ጊዜ ይታጠፍ ነበር። እትዬ በጠብታ እየለኩ ይቀምማሉ፣ ወረቀቱን ያቀብላሉ፤ አባታችን ይፈርዳሉ። ፍርዳቸው ምሕረት አልነበረውም። ከሙከራዎቹ ቁጥር ሠላሳ አንድን «ይሄ የመኪና ወንበር ነው» አሉት። ቁጥር አርባን «ዝናብ የመታው ጫማ» አሉት። ቁጥር አርባ ስድስትን ደግሞ «ይሄ ቆዳ ነኝ የሚል ላስቲክ ነው፤ በዚህ ሰው አታታልሉ» ብለው መለሱት። ያ ሁሉ የሳቀ የክፍሉ ሰው አባታችን በሚመጡበት ቀን ወንበር እየሳበ ይከባቸው ጀመር። የያዘ እጅ ቆዳን ምን እንደሚያደርገው፣ ላብ ሲገባው እንዴት እንደሚለዝብ፣ ሰም ሲጠጣ እንዴት ጣፈጥ እንደሚል አስረዷቸው። እትዬም የተባለውን ሁሉ በጠብታ ይተረጉሙታል።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እትዬ ወረቀቶቹን እያስተካከሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አባዬ፣ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት በር ላይ…» ብለው ጀመሩ።

አባታችን «ይሄ ቁጥር ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሃምሳ ስምንት።»

«ቅርብ ነው። ጭሱን ቀንሺለት።»

እትዬ ጭሱን ቀነሱ። የጀመሩትን አልጨረሱም። ቁጥር ስድሳ ሦስት ላይ አባታችን ወረቀቱን ደጋግመው አሸተቱት። ከዚያ ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱትና «ይበቃል» አሉ። የዚያን ቀን እትዬ የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲወጣ ለአባታቸው በእጃቸው ሰጥተው፣ ያንን የከበዳቸውንም አብረው ሊናገሩ ቆረጡ።

ጠርሙሱ ግን አልደረሰም። ክዳኑ ተሠርቶ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ አባታችን በ1989 መጀመሪያ ላይ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ የደም ግፊታቸው በድንገት ከፍ ብሎ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሽቶው ገበያ የወጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ፋብሪካው ባዘጋጀው ድግስ ሰው ሁሉ እትዬን እጃቸውን እየጨበጠ ደስታውን ሲገልጽ፣ እሳቸው ወንድማቸውን ወደ ጥግ ወስደው «ወደ ቤት ውሰደኝ» አሉት።

አዲሱ አረንጓዴ ክዳን መጀመሪያ ላይ ተቃዋሚ አላጣም። የድሮ ደንበኞች «ንጹሑን ሎሚያችንን አቆሸሻችሁብን» ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል። እትዬ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው መልስ ሰጥተዋል። እያደር ግን ሰው ለመደው፣ ከዚያም ወደደው። እትዬ እስከ ጡረታቸው ድረስ ዘጠኝ ሽቶዎችን ቀምመዋል፣ አሥራ አንድ ቀማሚዎችን አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው እንደሚመሰክሩት ኃይለኛ መምህር ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ ከአናጢ ቤተሰብ መምጣቷን ስትደብቅ ባገኟት ጊዜ ግን ቁጣቸውን ትተው ከጎኗ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጅቷም ምክንያቱን አላወቀችም።

በ2014 ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን እየላጡ «ይሄ የፕላስቲክ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ቤተሰቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ምርመራው በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ መኖሩን አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ዕድሜ ጨመረላቸው እንጂ የማሽተት ችሎታቸውን አልመለሰም። ምግቡ ሁሉ ወረቀት ወረቀት አላቸው። የልጅ ልጃቸውን አንገት ሥር ገብተው አሽትተው፣ ምንም አጥተው ቀና ሲሉ ማየት ለሁላችንም ከባድ ነበር። ሆኖም አላማረሩም። ልጅቷን «ምን ምን ትያለሽ? ንገሪኝ» ይሏታል፤ ሕፃኗም «ሳሙና፣ ደግሞ ብስኩት» ትላቸዋለች።

ባለፈው ወር ወንድማቸውን አስጠርተው ይህን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ አዘዙት። «የትምህርት ቤቱን በር እንዳትዘላት» አሉት።

ወንድማቸው «እትዬ፣ ልጅ ነበርሽ እኮ» አላቸው።

«አባዬም እንደዚህ ይለኝ ነበር ይሆናል» አሉ። «ግን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነበር፣ አልጠየቅኩትም። እዚያ ከሚሰሙት መካከል ይቅርታ ያልጠየቀው ሰው ያለው አንድ እንኳን ካለ፣ ከቀብሬ ወጥቶ ይሂድና ይጠይቅ።»

እነሆ አደራቸውን አድርሰናል።

እትዬ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው እንደ ወትሮው ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋቸው ፀጉራቸውን ያበጥሩ ነበር። እትዬ «ቀስ በል፣ ይስባል» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ባለቤታቸው የሆነውን ቢያውቁም እጃቸውን አላቆሙም፤ ቀስ ብለው እስከ ጫፉ አበጥረው ጨረሱ፣ ከዚያም ልጆቻቸውን ጠሩ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እኅታቸውንና አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም እንደ እናት የሚያዩአቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሟቸው፣ ዛሬም ሥራቸውን ትተው ከእኛ ጋር ለቆሙት ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሳይነገር የቀረውን የልባችንን ቃል የሚሰማ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ከሚናፍቋቸው ወላጆቻቸው ጎን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።