ከጥፍሬ ሥር የተገኘው

ደባርቅ፣ መጋቢት 2004 ዓ.ም.

ውድ ቻላቸው፣

የላክሃቸው ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ሄደዋል። የተናገሩት አቶ አሻግሬ ናቸው። ከዛሪማ ጠቅልለህ ወጥተህ ዳባት እናትህ ቤት እንደተቀመጥክ፣ ለፋሲካ ወደ እኔ መመለስ እንደምትፈልግ፣ ያለፈው ሁሉ ባለማወቅ የተደረገ እንደሆነ ነገሩኝ። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ ጠጥተው መረቁኝ። መልሴን ግን አልሰጠኋቸውም፤ ራሴ እጽፍለታለሁ አልኳቸው። በስልክ ልነግርህም አስቤ ነበር። አንተ ግን ነገር ሲከብድህ ኔትወርክ የለም ትላለህ።

ውድ ብዬ መጀመሬ እንዳያሳስትህ። ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ተብለን ስለተማርን ነው። በሌላ ቃል ልጀምር ብዬም ልቤን ብፈትሽ አላገኘሁም።

ነገሩ ሲጀምር አንተም ነበርክ። ሆቴሉ ኩሽና ዕቃ አጣቢ ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት ነው። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ጥፍር ጫፉ ላይ ነጣ፤ ቀጥሎ እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ሆነ። በረኪናው ነው አልን። ከዚያ ወፈረ፤ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፍ ጀመር፤ ጫፉም ከሥጋው ተላቀቀ። አመልካች ጣቴ ተከተለ፣ ከዚያ የመካከለኛው። ግራ እጄ ደህና ነበር። ነጠላዬን ሳጣፋ ጥፍሬ ክሩን ይይዝብኝ ነበር እንጂ አያመኝም። ቢያመኝ ኖሮ ቶሎ እታከም ነበር።

እናትህ ለጥምቀት ከዳባት መጡ። በቃና ዘገሊላ ዕለት ምሳ አቀረብኩና ላስታጥባቸው ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ጣቶቼ ላይ ሲያርፍ ግን መልሰው ሰበሰቡት።

«ጦም ነኝ» አሉ።

ዶሮው ቀርቦ፣ አገር ሁሉ እየበላ፣ እሳቸው ጦም ሆኑ። አንተ ወደ እኔ አላየህም። ማታ ስትሸኛቸው ደጅ ላይ ብዙ ቆማችሁ ተነጋገራችሁ። ስትመለስ ቃሉን አላወጣኸውም። ማንም አላወጣውም። በዚያ ዓመት ቁምጥና የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁም። ብቻ ጎረቤቶች ወንፊቴን መዋስ ተዉ። ማኅበር ላይ ለእኔ በተለየ ጣሳ ይቀዳልኝ ጀመር። አንተም ፍራሽህን ለየህ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጃችንን፣ ስጦታን፣ ዳባት ልውሰዳት አልክ።

«ለጊዜው ነው» አልክ። «አንቺ እስኪሻልሽ።»

«እሺ» አልኩ።

ልብሷን አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ እዚያ ቆሜ አስብ የነበረው የቤቱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ልቅሶው አልመጣም። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ነገር እንዲሁ አልመጣም።

አንተ ለመንገድ ሥራው ወደ ዛሪማ ወረድክ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ ቀጥሎ ወር ስትቀበል ብቻ፤ ከዚያ ተውከው። የሆቴሉ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። ቱሪስት ያያል፣ ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት አድርጊ አለኝ። ዕረፍቱ መቼ እንደሚያልቅ ግን አልነገረኝም። አንድ የግል ክሊኒክ ቅባት ሰጥቶኝ ነበር፤ ምንም አልለወጠም። ጸበልም ተጠመቅሁ። ቀኑ ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሲነጋ እነሣለሁ፤ በመካከሉ ያለውን አላስታውሰውም።

ሲሲን ታስታውሳታለህ፣ አብራኝ ትሠራ የነበረችውን ምግብ አብሳይ። ቤቴ መምጣት ያላቆመች እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን እጄን ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ሰው ከነካኝ ቆይቶ ስለነበር እጄን ልስጣት ልንጠቃት አላወቅሁም።

«ጎንደር አንዲት የቆዳ ሐኪም አለች» አለች። «ነገ እንሄዳለን። ትሄጃለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም።»

ሐኪሟ ዶክተር ማዕረግ ትባላለች። ገብቼ ስቀመጥ እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅሁ። አልተቆጣችኝም። ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋችኝና በእጇ ያዘቻቸው። መጀመሪያ የመረመረችው ያንኑ ሁሉም የፈራውን ነው። ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ጫፍ እጄን፣ ክንዴን፣ ፊቴን ነካ ነካ አደረገች፤ በነካችኝ ቁጥር «እዚህ» አልኩ፤ አንድም አላመለጠኝም። ከክርኔ ጀርባ ያለው ነርቭ አብጦ እንደሆነ ዳሰሰች። ገላዬ ላይ የደነዘዘ ወይም የነጣ ቦታ እንዳለ ጠየቀች፤ የለም አልኳት።

ከዚያ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየች። ጥፍር የሚያበላሽ ሌላም የቆዳ በሽታ እንዳለ፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ጥፍሩን በመርፌ የተወጋ እንደሚያስመስለው፣ ክርንና ጉልበት ላይም ቅርፊት እንደሚያወጣ ነገረችኝ። የእኔ እንዲያ አልነበረም። ውሃና ሳሙና ብቻውንም ጥፍርን ከሥጋ ሊያላቅቅ ይችላል አለች። ስለዚህ በዓይን ብቻ አልፈርድም ብላ የተላቀቀውን ቆረጠች፤ ከሥሩ ያለውን ዱቄት ፍቃ በትንሽ መስታወት ላይ አደረገችና ወደ ላቦራቶሪ ላከችው።

ከሰዓት በኋላ ጠራችን።

«ፈንገስ ነው» አለች። «በማይክሮስኮፕ በደንብ ታይቷል።»

ሲሲ «የሥጋ ደዌ አይደለም?» ብላ ጠየቀች። እኔ አልጠየቅሁም።

«አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቢሆንም ኖሮ በመድኃኒት ይድናል። ሰው ከሰው የሚለይበት በሽታ አይደለም።»

ሲሲ አለቀሰች። እኔ የግድግዳውን ቀለም አይ ነበር፤ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ታች ተልጧል።

ሐኪሟ ቀጥላ፣ ቤታችሁ ውስጥ የእግሩ ጥፍር የወፈረ፣ በጣቶቹ መካከል ቆዳው የሚላላጥ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ቻላቸው፣ ያን ጊዜ እግርህ መጣብኝ። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ቦት ጫማ ውለህ ስትገባ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቤ አጥብህ ነበር። ከትንሿ ጣትህ ሥር ነጥቶ የሚላጠው፤ እንደ ቀንድ የደደረው የአውራ ጣትህ ጥፍር። መቁረጫ እምቢ ሲለኝ በምላጭ እከረክምልህ የነበረው በዚሁ በቀኝ እጄ ነው።

«ባለቤቴ» አልኳት።

ከእሱ ተላልፎብሽ ሊሆን ይችላል፣ እጅሽ ውሃ ውስጥ መዋሉም አግዞታል፣ ለማወቅ እሱም መጥቶ ይታይ አለች። ደወልኩልህ። ኔትወርክ አልነበረም።

መድኃኒቱ ወራት ይወስዳል፤ ጥፍር ከሥሩ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። እንክብሉን ከምግብ ጋር ዋጥኩ፣ ደሜን እየሰጠሁ ጉበቴን ታየሁ። ንጹሑ ጥፍር አሮጌውን እየገፋ ወጣ። ገና ግማሽ ላይ ሳለ ዳባት ሄድኩ። እናትህ ደጅ ላይ ባቄላ ይለቅሙ ነበር።

«እማማ፣ ተመርምሬያለሁ። ፈንገስ ነው ተባልኩ» አልኳቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንደ ጭርት ያለ ነገር ነው። ጥፍር ላይ ሲወጣ ነው።»

ጭርትን ያውቁታል። ባቄላውን አስቀመጡ። «ከምን አገኘሽው?» አሉኝ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን አርጅተዋል፤ ያላቸው ልጅ አንተ ብቻ ነህ።

«ከውሃ ነው» አልኳቸው።

«እኔን ልጄ» አሉ። ስጦታን ጠሩልኝ።

ረዝማለች። እጄን ዘረጋሁላት፤ እጆቿን ወደ ኋላዋ አደረገች። ጠልታኝ አይደለም፤ ያስተማሯትን ነው ያደረገችው። እናትህ ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የልብሷን ፌስታል በመካከላችን አስቀመጠች። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ክረምቱ ሲገባ ሰኔ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጎርፍ የሞላው ቦይ ገጠመን። ሳታስበው እጄን ያዘች። ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቀችኝም። ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈስኩም፤ ካወራኋት ትዝ ብሏት የምትለቀኝ መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ እንድትክሰኝ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አቶ አሻግሬ በሩ ላይ ቀረት ብለው አንድ ነገር ስለነገሩኝ ነው። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው የነገሩኝ።

«ዛሪማ ከያዛትም ሴት ጋር ተለያይቷል፤ አትስጊ» አሉኝ። «እጇን ሲያማት ትቷት መጣ።»

«እጇን ምን ሆነች?»

«ጥፍሯ ነው አሉ። ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሰዉም እየሸሻት ነው።»

መርቀውኝ ሄዱ። እኔ በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ቤቷ ተቀምጣ እጇን ታያለች፤ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው የለም። ያንን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጎረቤት በደጁ ሲያልፍ እርምጃው እንዴት እንደሚፈጥን ጭምር አውቀዋለሁ። ብዙ ዘመን ምንም ሳይሰማኝ ኖሬ፣ ይህ ተሰማኝ።

መመለስህን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ቂም ይዤ አይደለም፤ ቂም ፈልጌ አጣሁት። ስጦታን ልትጠይቅ እሑድ እሑድ ብትመጣ በሬ ክፍት ነው፤ አባቷ ነህ። እግርህን ለዶክተር ማዕረግ አሳይ፤ አሁንም ጎንደር እዚያው ናት።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ዛሪማ ተመለስ። ስሟን አልነገሩኝም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ቤቷ ገብተህ ተቀመጥ። ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ የሚድን ነገር ነው፣ ከእኔ እግር ተላልፎብሽ ይሆናል በላት። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ሽማግሌ አትላክባት፣ በስልክም አትንገራት።

ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሽሬው አውቶቡስ በጠዋት በዳባት ያልፋል። ተሳፈር። ደባርቅ ላይ ሲቆም አትውረድ።

የስጦታ እናት፣
ይመኙሻል