የሁዳዴ እንቁላል

ይድረስ ለትርንጎዬ፤

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ይጠይቃል። እኔ አንቺን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ስለ ጤና የሚጠየቁት እዚህ የቀሩት ናቸው፤ አንቺ ብትጠይቂኝም ደህና ነን ለማለት አፌ አይደፍርም። ከተለያየን አምስት ወር አለፈ። በጥቅምት አፈር አለበስንሽ፤ አሁን ሁዳዴው ሊያልቅ ነው፣ ነገ ሆሳዕና ነው።

የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ልጃችን ሶልያና አልበላም ብላ ከረመች። ያ የምትወጂው ቀጭኑ ሐኪም አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መልሱን የምታውቂው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። «እናቷ እንዴት አድርጋ ነበር የምታበላት?» አለኝ። ኮፍያዬን እያሻሸሁ አላውቅም አልኩት።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ መጀመሪያ። የስፌት መኪናዬ አሁንም በመጋረጃ ከፍለን ሱቅ ባደረግናት በኩል መስኮቱ ሥር ናት። የከተማችን የመካነ ኢየሱስ ሰው እንደ ልማዱ ለፋሲካ ልብስ ማሰፋቱን ለመጨረሻው ሳምንት ስላቆየው ሥራ በላይ በላዩ ነው፤ ሁሉም «የእኔን አስቀድምልኝ» ይላል። እናቴ ለቀብርሽ ከስማዳ እንደመጣች ቀረች። ከብቶቿን ለወንድሜ ትታ፣ ልጅሽን አዝላ ትውላለች። ምራትና አማት ሆናችሁ በእንጥሉ ነገር የተኳረፋችሁበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ልጅቷ ሳል ሲይዛት እናቴ እንጥሏን ላስቆርጥ ብላ ተነሳች፤ አንቺ ደግሞ «ሐኪሙ እንዳታስነኪ ብሎኛል» ብለሽ ልጅሽን ታቅፈሽ በር ላይ ቆምሽ። ይኸው ዛሬ የሰፈሩን ሴቶች ይዛ «እንጥል አይነካም፤ የእኔ ምራት ከሐኪም አፍ ሰምታ ነግራኛለች» እያለች የምትመክረው እሷው ሆናለች። ብትሰሚያት በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

ከሐኪም ቤት ስትመለሺ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ ሐኪሙን ሆነሽ መሀል ቤት ትቆሚ ነበር። አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ፣ የሌለ መነጽር ወደ ላይ እየገፋሽ፦ «እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከመጸዳጃ በኋላም፣ ልጅ ከማብላት በፊትም። ምግብ ሲበስል ልጅ ከጭስ ይራቅ። የጀመረችው መድኃኒት ተሻላት ተብሎ አይቋረጥም።» እኔ ስፒል በጥርሴ ይዤ እህ፣ እህ እላለሁ። «ሰማህ ወይ?» ስትይኝ ሰምቻለሁ እላለሁ። ደግሞም ሰምቻለሁ፤ የነገርሽኝ ሁሉ አለ። ለልጅሽ ያን ያህል ስትመላለሺ፣ ሆድሽን ሲቆርጥሽ ለራስሽ አንድ ቀን እንኳ አለመሄድሽ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። በሸክም እስክትወጪ ድረስ «ይተወኛል» ትይ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል እናቴ ዕቃውን ሁሉ በአመድና በፈላ ውኃ ፈትጋ፣ የፍስኩን ቆጥ ላይ ሰቀለችው። በእኛ ቤት የሚጾመው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ድስቱም ማንኪያውም ይጾማል። አምና ለሶልያና የለየሻት ትንሽ ድስት ነበረችሽ። በጾም ጊዜ ለብቻዋ ታጥባ ለብቻዋ የምትቀመጠዋ ናት። በለቅሶሽ ሰሞን የቤታችን ዕቃ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ጋር ተደባለቀና ከማን ቤት እንደገባች አላወቅንም። መጥፋቷንም ያወቅነው ስንፈልጋት ነው።

በቅድስት ሰሞን ልጅቷ ቀላ ቀላ ያለው ፊቷ ገርጥቶ፣ ስትታቀፍ ቅልል ስትለኝ ጊዜ ከእናቴ ጋር ይዘናት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ባለ ቀለሟን መለኪያ በክንዷ ዙሪያ ጠመጠመና ቢጫው ላይ አረፈች። ሜትር የእኔ እንጀራ ነው፤ የሰው ክንድ ስለካ ነው የኖርኩት፤ እንደዚያ ቀን ግን ሜትር አስፈርቶኝ አያውቅም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቀዩ ላይ ከወረደች አስተኝተው እንደሚያክሟት፣ እስከዚያ ግን መድኃኒቷ ምግብ እንደሆነ ነገረኝ። በየቀኑ እንቁላል። ለገብስ ገንፎዋ አተርና ባቄላ አብሮ ይፈጭ፣ ዘይት ጠብ ይበልበት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እያጫወቱ እንጂ አፏን ይዞ ማጎረስ የለም። ትኩሳት ከያዛት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ወይም ውኃ እንኳ እምቢ ካለች ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድሮጥ አዘዘኝ።

«እንቁላል» ያለ ጊዜ እኔና እናቴ ተያየን።

እውነቱን ለመናገር ማንም አልከለከለኝም። እናቴን ብጠይቃት «ልጅ ምን ጾም አላት? ትብላ እንጂ» አለችኝ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ጾም እንደሌለባት ነግረው፣ ጭራሽ ለምን ዘገየህ ብለው ተቆጡኝ። ጎረቤታችንም «ደግሞ ለሕፃን!» አለች። ሁሉም ትብላ ይላል፤ እንቁላሉን የሚያበስል እጅ ግን ጠፋ። ጎረቤታችን ዕቃዋ የጾም ነው። እናቴም አባቴ ካረፈ ጀምሮ ቆራቢ ናት፤ ለፋሲካ ልትቆርብ እየተዘጋጀች በሁዳዴ እጇን እንቁላል ውስጥ አታስገባም። አልፈርድባትም። ልጅቷን ስታይ ዓይኗ እንባ ያቀራል፤ ድስቱን ስታይ ደግሞ እጇን ትሰበስባለች።

ስለዚህ እኔው ትንሽ ድስት ገዛሁ። እንቁላሉን ከሰይድ ሱቅ አመጣሁ። እሱም ረመዳኑን ይዞ ከንፈሩ ደርቋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን የእሱ ልጆች ከጓዳ አፋቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። ነገሩን ስነግረው እንቁላል ገዢ በሌለበት ወር ደንበኛ አገኘሁ ብሎ ሳቀና ሁለት ጨመረልኝ። ካውያዬን በማሞቅበት ከሰል ላይ እዚያው ሱቄ ውስጥ ቀቀልኩት። ሽታውን ደንበኛ ሁሉ ሰማ። አንዷማ «አዱኛ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጾም ገደፈ» ማለቷን ሰማሁ። ይበሉኝ።

ልጅሽ ግን አልበላችም። አንዴ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ በምላሷ ገፍታ ታወጣውና ወደ በሩ ታያለች። ገንፎውም እንደዚያው ነው። ማን እንደምትጠብቅ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም። ጨርቅ ቆርጬ አሻንጉሊት ሰፋሁላት፤ አሻንጉሊቷን ተቀብላ አፏን ትዘጋለች። አጨበጨብኩ፣ እንደ ፍየል ጮህኩ፣ ዘፈንኩ። ዘፈኔን ታውቂዋለሽ፤ ምን ይፈረድባታል?

በገብር ኄር ማግስት ስንመለስ መለኪያዋ ያው ቢጫው ላይ ናት፤ ጭራሽ ወደ ቀዩ ተጠግታለች። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ያኔ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ስታበያት እሰማሽ ነበር። እንደ ዜማም እንደ ወሬም የሆነ ነገር ትያት ነበር፣ እሷም ትስቃለች። የእኔ መኪና ስትሮጥ ግን ድምፅሽ እንጂ ቃሉ አይለይም። እህትሽን ጠየቅኋት፣ ጎረቤቱን ጠየቅሁ፤ የሰማ የለም። በነገርሽኝ ነገር ሁሉ ላይ ይህችን ብትጨምሪልኝ ምን ነበረበት እላለሁ፣ ደግሞ ይህ ለባል የሚነገር ነገር ነው እንዴ ብዬ ራሴን እገሥጻለሁ።

ከኒቆዲሞስ በኋላ ባለው ማክሰኞ ልጅቷ ጠዋት አልቀመሰችም፣ ቀትር ላይም አልቀመሰችም። ውኃ ትጠጣለች፣ ትኩሳት የላትም፤ ግን ድክም ብላ ደረቴ ላይ ተኝታለች። እንቁላሉን አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች። እንደገና አቀረብኩላት። እንደገና አዞረች። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አለቀስኩ፤ እናቴ ፊት፣ አዋቂ ሰው። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እናቴ ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች። ልጅቷን ከእኔ ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ከእንቁላሉ በጣቷ ቆረሰች፣ እፍ አለችበት፣ ከዚያ ሙቀቱን በከንፈሯ ለካችው። ልጅ ሆነን ለእኛም እንደዚያው ነበር የምታደርገው፤ የለመደ እጅ ነው፣ ያሰበችበትም አልመሰለኝም። በሁዳዴ፣ እናቴ፣ እንቁላል በከንፈሯ። ሶልያና ቀና ብላ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ዋጠች። ሁለተኛውንም ዋጠች። ሦስተኛው ሲዘገይባት እናቴን በነጠላዋ ጎትታ «እማ» አለቻት።

እስከዚያ ቀን እናቴን ምንም ብላ ጠርታት አታውቅም ነበር። እናቴ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞራ «ምን ልበላት፣ አዱኛ?» አለችኝ። ልጅቷ ደግሞ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አጎረሰቻት።

በማግስቱ እናቴ ለንስሐ አባቷ ነገረች። ስግደት አዘዟት፤ ሕፃን ማብላቱን ግን እንዳታቋርጥ አስጠነቀቋት። አሁን ማለዳ ማለዳ እያቃሰተች ትሰግድና፣ ጉልበቷን እያሸች መጥታ ድስቷን ትጥዳለች። ልጅሽ ትበላለች። ገንፎውንም ትበላለች። ስትበላ ወደ በሩ አታይም።

ሰኞ ቀጠሮ አለን። ሜትሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ክንዷን ግን እስካሁን ደፍሬ አልለካሁትም። ሐኪሙ እንዴት በላች ቢለኝ የምነግረው አለኝ፤ ለአንቺ ለመንገር ነው የከበደኝ። ትርንጎዬ፣ ልጅሽ መብላት የጀመረችው አንቺን መጠበቅ የተወች ዕለት ነው። ደስ ብሎኛል፤ ደግሞ ደስ ስላለኝ ያመኛል። «እማ» ስትላት፣ ኧረ እሷ አያትሽ ናት፣ እናትሽ ሌላ ናት ልላት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። ጉርሻው አፏ ላይ ሆኖ እንዴት ይባላል?

አይባልም። እናትን ይዞ የሚያቆይ ዕድሜም የላት። ትርሳሽ፣ ትብላ፣ ክንዷ ይሙላ። አድጋ ስትጠይቀኝ ከነሳቅሽ፣ ከነቁጣሽ እነግራታለሁ። እስከዚያ የእሷንም ድርሻ ጨምሬ የማስታውስሽ እኔ ነኝ።

ባልሽ አዱኛ