ኮሚቴ ያላረመው የገጣሚ እንድሪያስ ይርጉ የሕይወት ታሪክ

ገጣሚ እንድሪያስ ይርጉ ከአባታቸው ከአቶ ይርጉ ፀጋዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይናዲስ አለማየሁ በ1951 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፖስታ ቤት ይሠሩ ስለነበር ልጅየው ማንበብ የለመዱት የሰው ፖስት ካርድ እየሰረቁ ነው። ቤተሰቡ ይህ ሲነሳ ያፍር ነበር፤ እሳቸው ግን ላገኙት ሁሉ ያወሩታል።

ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ ተከታትለው፣ በ1970 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ገዳሪፍ አምስት ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1983 ዳላስ ገቡ።

ሥራቸው «የኤርፖርት ሠራተኛ» ተብሎ እንዲጻፍ ተጠይቆ ነበር። ሥራቸው ግጥም ነው፤ ኤርፖርቱ እንጀራቸው ነበር። ሌላው ሰው የቤት ዳውን ፔይመንት ለማጠራቀም ደብል ሺፍት ሲሠራ፣ እሳቸው ፀጉራቸውን ትከሻቸው ላይ ለቀው ዲፕ ኤለም በሚባለው የዳላስ ሰፈር በምትገኝ አንዲት ጠባብ ባር ውስጥ በእንግሊዝኛ ጦርነቱንም፣ ባለሀብቱንም፣ ቴክሳስንም ልክ ልኩን ይነግሩት ነበር። አሳታሚ ቢመጣ አልሸጥም አሉ። ግጥማቸውን በቢጫ ወረቀት ኮፒ እያደረጉ በነፃ አደሉ። ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፉም ከፍተሻው እስከ መሳፈሪያው በር ድረስ ለተሳፋሪው ግጥም ይሉለታል። በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተባረው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። አሜሪካኖቹ «ገጣሚያችን» ሲሏቸው እኛ «ያ ያበደው» እንላቸው ነበር። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ያላለ ካለ እጁን ያውጣ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከወይዘሮ ዓለምሸት ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ማራኪን ወለዱ። ትዳሩ በስምንት ዓመቱ ፈረሰ። ምክንያቱ መጠጥ ነው። እሳቸው ራሳቸው ይህም ይጻፍ ብለዋል፤ ተጽፏል።

በዕድራችን ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ለቀስተኛው የሟቹን ሳቅ ሳይቀር የሚሰማው በእሳቸው ጽሑፍ ነው። ታይፕ አድርጋ የምታሳትመው ደግሞ ታናሽ እህታቸው ስርጉት ናት፤ ይህንንም ያዘጋጀችው እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የዕድራችን ልጅ፣ የሃያ አራት ዓመቱ ፊልሞን፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ተገልብጦበት ሞተ። እንድሪያስ አሟሟቱን እንደሆነው ጻፉት። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ሙሉጌታ ግን ግማሻችን የምንሠራው እዚያው መጋዘን ነው፣ ሰው ከሥራው ይፈናቀላል ብለው ስርጉትን ለመኑ። ስርጉትም ወንድሟን ሳታማክር መስመሩን ሰርዛ «ባደረበት ሕመም» ብላ አሳተመችው። ጉንፋን እንኳ የማያውቅ ልጅ! ታሪኩ ተነብቦ ሲያልቅ እንድሪያስ ከወንበራቸው ተነስተው እንዲህ አሉ፦

እንደ ታመመ ሰው፣ በወግ አትቅበሩት፤
ሥራ ነው የበላው፣ ጻፉት እንጂ አትፍሩት።

የፊልሞን እናት ወይዘሮ ልዩ ጮክ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድሩ እንድሪያስን የማንንም የሕይወት ታሪክ አላስጻፈም። እሳቸውም እህታቸውን አንድ ዓመት ሙሉ አላናገሯትም። ስርጉት የዚያን መስመር ነገር እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸው መጎዳቱ ተነገራቸው። ዳላስ አጠገብ ዩለስ ከተማ ባለው አፓርታማቸው ወይዘሮ ዓለምሸት ሾርባ እያመላለሱ አስታመሟቸው። ፍቺውን ያየ ይህንንም ይይልን። በመጨረሻው ሳምንት ስርጉትን ቢጫ ወረቀት አስመጥተው፣ ስለ ሞታቸው የሚነበበውን መስመር ራሳቸው ጻፉ። ቀኑን ብቻ ክፍት ተዉላት። በዕድሜያቸው ራሳቸውን አንቱ ያሉት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያም «ስርጉትዬ፣ እኔንም በሕመም ስም እንዳትደብቂኝ» አሏት።

ሐሙስ ዕለት አቶ ሙሉጌታ ሊያጽናኑ መጥተው፣ ከልባቸው ካለቀሱ በኋላ፣ ስለ መጠጡ እንዳይነሳ፣ ለማራኪም ለስማቸውም እንዲታሰብ ለመኑ። ክፋት የላቸውም፤ እንድሪያስን ይወዷቸው ነበር። ማራኪ ግን ቢጫውን ወረቀት አንብባ፣ አባቴ የጻፈው ይነበብ አለች። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለዕድሩ ኮሚቴ አልቀረበም። ቅር ያለው ከቀብር በኋላ ስርጉትን ያነጋግራት፤ የትም አትሄድም።

ገጣሚ እንድሪያስ ልጃቸውን ማራኪን፣ እህታቸውን ስርጉትንና የግጥማቸው ኮፒ በእጁ ያለውን ሰው ሁሉ ትተው ሄደዋል። የፊልሞን እናት ወይዘሮ ልዩም እዚህ አሉ፤ በዚያ ቀን የተባለው ግጥም የተጻፈበትን ወረቀት ዛሬም ይዘውት መጥተዋል።

የመጨረሻው መስመር የራሳቸው ነው፦ «እንድሪያስ ይርጉ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው አርባ ዓመት በጠጡት መጠጥ ጉበታቸው ተበላሽቶ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ሞቱ።»

ቀኑን የሞላችው ስርጉት ናት። ሌላ ቃል አልነካችም።

አምላክ ነፍሳቸውን እንዲህ እንዳለች፣ ሳትታረም ይቀበልልን። አሜን።