የኑሩን መኪና ሞተር ስናስቀይር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12፤ ጠዋት 3 ሰዓት
ሱቄን ዘግቼ ጋራዥ ነኝ። ሸራ የሚገዛ ነገ ይምጣ። ሞተሩ ዛሬ ይወርዳል። ማስታወሻዬ፣ ባሌን የበላውን ሞተር መሬት ላይ ተዘርሮ ካላየሁ አይወጣልኝም። አፋር በረሃ መሀል ድርቅ ብሎ ቀረ፤ ኑሩ ውሃ ፍለጋ በእግሩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አገኙት።

የባሌን ሐዘን፣ ኢዳዬን፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። አራት ወር ከአሥር ቀን። መኪናዋም እዚህ ቆማ ጠበቀችኝ። መንገዱን አሁን የሚይዘው ታናሽ ወንድሙ ጀማል ነው። የኔ ሱቅ ሁለት ቤት አያበላም፤ ከመኪናዋ ሌላ እንጀራ የለም። ግን ኮምፒውተር ያለበት ሞተር ይዤ በረሃ አልገባም ብሏል። እውነቱን ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14
ሶማሌ ተራ ዋልን። አሮጌ የናፍጣ ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለው። ሻጩ ጎማ ላይ አስቀምጦ ባትሪ አስነካው፤ ወዲያው ተነሳ። ሰፈሩን በጭስ እያጠቆረ ያጓራል። መካኒካችን ጋሼ በቀለ ጎንበስ ብለው አዳመጡት። ይኼ ቢታመም በመዶሻና በሽቦ ይድናል አሉ። ጀማል ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17፤ ከቀኑ 10 ሰዓት
ጀማል ለሶላት እንደወጣ ጋሼ በቀለ ጠሩኝ። ከመሪው ሥር ያለውን ሽቦ ለአዲሱ ሞተር ሲያስተካክሉ ያገኙትን አሳዩኝ። በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ ቅጥያ፣ ተቃጥሎ የተበጠሰ። መኪና እንዳይሰረቅ ተብላ የገባችው የተደበቀች ማጥፊያ ሽቦ ናት። «ሞተሩ ደህና ነበር፣ ልጄ። ኤሌክትሪክ ነው የተቋረጠበት።»

ያስገባኋት እኔ ነኝ። የመኪናዋን መስታወት ሌባ ሁለቴ ፈትቶ ወስዶ፣ ሁለቴም መልሰን ገዝተነዋል፤ ቀጥሎ መኪናዋን ራሷን ይወስዷታል ብዬ ፈራሁ። ኑሩ እምቢ አለ። የበረሃ መኪና ሽቦው አይቆረጥም አለ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ መከራከሩን ሲተው መንገድ ዳር የሚሠራ ኤሌትሪሺያን ራሴ አምጥቼ በግማሽ ሰዓት አስጨረስኩ።

ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ምስጢሩ ከእኔ አይወጣም አሉ። ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ!

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19
አዲሱ ሞተር ገባ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ጀማል አሮጌውን በመዶሻ ይደበድበዋል፣ ወንድሜን የበላህ እያለ። ቆሜ አየሁ። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

ከዚያ ለጋሼ በቀለ ሲነግራቸው ሰማሁ። ማጥፊያዋ ለዚህኛውም ትግባ ይላል፤ ነዳጁን የምትቆርጥ። ወንድሜ ብልህ ነበር፣ እሱ እንዳደረገው አድርጉልኝ ይላል። ጋሼ እኔን አዩኝ። ነገ እንነጋገራለን ብለው ሸኙት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20፤ ጠዋት 2 ሰዓት
ጋሼ እምቢ ቢሉት ጀማል ሌላ ጋ ሄዶ ያስገባታል። ሐሙስ በረሃ ይገባል። ዝም ካልኩ እሱንም ነው የምቀብረው። ቢጠላኝ ይጥላኝ። የኑሩ እናት ደጄን አትርገጪ ብትለኝም አልፈርድባትም።

ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው፤ ጀማል በበሩ ሲገባ ይታየኛል። መጀመሪያ ቁጭ በል እለዋለሁ። ከዚያ፣ ማጥፊያዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ወንድምህ እምቢ ብሎ ነበር እለዋለሁ።