ክሪምፕ ያላደረግናቸው ጥይቶች

ውድ አባዬ፣

ልታስታምማቸው አገር ቤት የሄድክላቸው እትዬ ቦጋለች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ተቀምጠው መብላት መጀመራቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። በስልክ "በተኩስ ውድድሩ ሁለተኛ ወጣሁ" ካልኩህ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ግን ሁሉንም እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ዌስተን ሰፈር ባለው አፓርታማችን፣ ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድና አረር እየከተትን ጥይት ስንሞላ ያሳለፍነውን መቼም አትረሳውም። የቀለሁ አፍ አረሩ ላይ ተጨምቆ ካልተቆለፈ፣ ማለትም ክሪምፕ ካልተደረገ፣ ጥይቱ ኢላማውን ይስታል ትል ነበር። ሁርሶ የጦር ማሰልጠኛ ምልምሎች ስታሰለጥን የተኮስከው ሁሉ እንደዚያ ነበር። እኔ በእኔ ጠመንጃ ይጠቅማል ብዬ አላመንኩም። ግን በጥይት ነገር አንተን ማረም ከበደኝ፤ ዝም ብዬ ክሪምፕ ማድረጌን ቀጠልኩ።

ዝምታዬ ገብቶህ ኖሯል። ከጉዞህ በፊት በነበረው ቅዳሜ ክሪምፕ የተደረገውንም ያልተደረገውንም አስይዘኸኝ ወደ ተኩስ ክለባችን ሄድን። የክለቡን ሊቀመንበር ቶሚን ጠርተህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግረን ጠመንጃውን ራሱ እንዲያጎርስልን ለመንከው።

"እሷ እኔን አክብራ ነው የምትስማማው፤ ጥይቱ ግን እኔን አያከብርም" አልከው።

ተራ በተራ ተኮስን። የኢላማ ወረቀቶቹ ሲመጡ ክሪምፕ የተደረጉት ተበታትነው ነበር፤ ያልተደረጉት ቀዳዳቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። እንደገና ይሞከር አልክ። ያው ሆነ። አንዱን ጥይት አንስተህ ብዙ አገላበጥከው።

"የእኛ መሣሪያ አውቶማቲክ ነበር" አልከኝ። "ጥይቱን እየደበደበ ነው የሚያስገባው፤ ካልተቆለፈ አረሩ ከቦታው ይንሸራተታል። አንቺ ግን አንድ በአንድ በእጅሽ ነው የምታጎርሺው።"

ከዚያ ወደ ክለቡ ሽማግሌዎች ዞረህ፣ አንገትህን ሳትሰብር፣ በእንግሊዝኛ "ልጄ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቼ ነበር" አልክ።

በመኪና ስንመለስ ምን ያህል እንደኮራሁብህ ልነግርህ ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። ይበርድህ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩህ።

የውድድሩ ቀን ብቻዬን ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ወደ ግራ ሄዱብኝ። ከጎኔ የነበረ ሰውዬ ጥይቶቼን አይቶ፣ ክሪምፕ ስላላደረግሽ ነው አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ክሪምፕ የተደረጉም ነበሩ፤ እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር። ነገር ግን ሁለት ጊዜ አብረን አይተነዋል። ጥይቱ ካልሆነ ሌላ ነገር ነው ብዬ ቀና ስል የተኩስ ሜዳው ባንዲራ ወደ ግራ ተወጥሯል። ነፋሱ ነበር። ማነጣጠሪያዬን አስተካክዬ፣ እንዳስተማርከኝ ግማሽ ትንፋሽ አስወጥቼ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ከመሀል አልወጣም። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ መጥታ ማን እንዳሰለጠነኝ ስትጠይቀኝ "አባቴ" አልኩ። ድምፄ ጮክ ሳይል አልቀረም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ክለቡ ለጀማሪዎች ጥይት መሙላት የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ቶሚ የጠየቀው አንተን ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም እንዳትል፤ ያን ቅዳሜ የተናገርከው ያልገባው ሰው አልነበረም። ሳልጠይቅህ እሺ ብዬልሃለሁ።

የምትኮራብህ ልጅህ፣
ፌበን